ቡሬ ቆዳ የለበሰው ምንሽር

ኮኪት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባየልኝ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? በሰው አገር ጦርነት መሃል ያለ ሰው "ደህና ነኝ" ቢል ማን ያምነዋል። የኔን ከጠየቅኸኝ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ሌላው ደህና ነው፣ ተመስገን። የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኳት ፊደል ነውና የተወላገደውን አቃንተህ አንብብ። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀት ተመልሷል። ደብዳቤውን የሚያሻግርልን መተማ ያለው ነጋዴው ሙኽታር ነው፤ መልስህንም በእሱ በኩል ላክልኝ።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ሽማግሌዎቹ እነ አባ ቸሩ እንደገና ሄደው የካሌብን እናት እማሆይ አንጓችን ለመኗት። አምስተኛ ጊዜያቸው ይሁን ስድስተኛ እንጃ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "ልጄን የገደለብኝን ሰው ስም እደጄ እንዳታነሱ" ስትል የኖረች ሴት ዘንድሮ በሯን ከፈተችላቸው። ዐይኗ ደክሟል፣ ሰውነቷም አልቋል አሉኝ። ካሳ አልፈልግም አለች። ከብት አልፈልግም፣ ብር አልፈልግም። "ልጄ የሞተበት ጠመንጃ ይምጣልኝ። እሱን በእጄ ካስገባችሁልኝ ባየልኝ አገሩ ይግባ። ታናሽየው ልጄ ውባንተም ደም እንዳይፈልግ እኔው አስምለዋለሁ" አለች። አባ ቸሩ ይህን ሲነግሩኝ መሬት ስሜ አለቀስኩ። አየህ? አገርህ ልትገባ ነው!

እንግዲህ ጣጣው ጠመንጃው ነው። አንተ ያን ዕለት ምንሽሩን ደጄ ላይ ጥለህ ወደ ሱዳን ስትሮጥ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ ደም የነካ ነገር ቤቴ አኖራለሁ? ፊቴን አዙሬ በጆንያ ጠቀለልኩትና በሳምንቱ ለአያ ፈረደ በሁለት ጊደር ሸጥኩት። ፈረደን አታውቀውም። ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ የሰው እርሻ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ደም እንዳለበት አልነገርኩትም። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር።

ገንዘብ ካለህ ላክልኝ፣ ሄጄ እደራደረዋለሁ። ሴት ናት ብሎ ይናቀኝ እንጂ በግ ተራ ላይ ማን እንደሆንኩ አንተ ታውቃለህ። የእርቁ ቀን ለመጋቢት መድኃኔዓለም ተቆርጧል። እስከዚያ እማሆይን በሕይወት ያቆይልን፣ አንተንም ከተባራሪ ጥይት ይሰውርህ።

ያሳደገችህ አክስትህ ታይቱ


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ታይቱ፣

ጉልበትዎን መድኃኔዓለም ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎንም ያርዝምልኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። ደብዳቤዎን ያገኘሁት ከሻይ ሻጯ ከመጂዳ ዘንድ ነው፤ ሙኽታር ወረቀት ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። አነበብኩት፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ መንገድ ሳልጨርስ እንደገና አውጥቼ አነበብኩት። መጂዳ "ምን ተባልክ?" ብትለኝ "አገርህ ግባ ተባልኩ" አልኳት። ሻዩን በነጻ ሰጠችኝ።

እትዬ፣ እዚህ መኖር የሚባል ነገር አልቀረም። መጋዘን ጆንያ እሸከማለሁ፤ አንዱን ሳምንት ሥራ ቢኖር ሁለቱን የለም። ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ ሁሉ ከተማዋን ሞልቷት ለእኛ ለሐበሾች ፊት የሚሰጥ ጠፍቷል። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያኔ በዚያ ሐሩር፣ በአጨዳ መሃል፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ቃታ የሳብኩ ዕለት ነው የኔም ዕድሜ ያለቀው። ስለ ካሌብ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ ይማሩኝ።

ያጠራቀምኩትን ሁሉ ለሙኽታር ሰጥቻለሁ። በእኛ ገንዘብ ስልሳ ሺህ ብር ይሆናል ብሎኛል። አያ ፈረደ የጠየቀውን ይስጡት። ብቻ ያው ራሱ ጠመንጃ ይሁን። ሌላ ምንሽር ቢቀርብ እማሆይ ያውቁታል።

እግርዎን እስማለሁ።
ባየልኝ


ኮኪት፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባየልኝ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ገንዘቡ ሳይጎድል ደርሶኛል፤ ሙኽታር የታመነ ሰው ነው፣ አላህ ይስጠው። አሁን የደረሰብኝን ልንገርህና ወይ ሳቅ ወይ አልቅስ።

ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ፈረደ እርሻው መሃል ካለችው ማማ ላይ ተቀምጦ ምንሽሩን በሰሊጥ ዘይት ይወለውላል። ሰላም ብለው አልወረደም። የጠበሰውን እሸት ማሽላ ከላይ ወረወረልኝና እሱ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን ገበያው ተጀመረ።

"አያ ፈረደ፣ ያንን የሸጥኩልህን ጠመንጃ መልስልኝ። ሃያ አምስት ሺህ እሰጥሃለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጸሐይ መታሽ እንዴ?"

"የባሌ መታሰቢያ ነው። ሆዴ ባባብኝ።"

"ባልሽ ከሞተ ሃያ ዓመቱ። ዛሬ ነው የባባብሽ?"

"ሠላሳ ሺህ።"

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። አፌን ምን እንዳስቸኮለው! አምስት ሺህ ባንድ ጊዜ ዘልዬ ስጨምር ጠረጠረ። ጠመንጃውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። አፈሙዙን ወደ ጸሐይ አዙሮ ባንድ ዐይኑ አጮለቀ። "ወርቅ አለበት?" አለኝ። "ነው ወይስ የጥንት ዕቃ የሚገዛ ፈረንጅ መጥቷል? እውነቱን ንገሪኝ፣ እኩል እንካፈላለን።" ብምል ብገዘት አላምን አለ።

በሳምንቱ ስመለስ ዋጋው ሰማንያ ሺህ ሆኖ ጠበቀኝ። "በሰማንያ ሺህ እኮ መድፍ ይገዛል!" ብለው "መድፍ ግዢያ፣ ማን ያዘሽ?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ "ብር አልፈልግም፣ ክላሽ አምጪና እለውጥሻለሁ" አለ። እኔ ከየት አባቴ ነው ክላሽ የማመጣው?

ሦስተኛው ቀን ግን ከማማው ወረደ። ወርዶም አጠገቤ ተቀመጠ። "ስሚኝ ታይቱ፣ ስቀልድብሽ ነው እንጂ አልሸጠውም" አለኝ። "ሰው ከመንገድ እየታፈነ በሚወሰድበት ዘመን የእርሻ ጠባቂ ጠመንጃውን ሸጦ በምን ያድራል? ይህንን ትከሻዬ ላይ ካላዩ ባለ እርሻዎቹም አያሳድሩኝም። ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጄ እንደ ወጣ ቀርቷል። የያዝኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።" ምን ልዋሽህ፣ አሳዘነኝ።

ጠመንጃውን ግን ቀርቤ ሳየው ደነገጥኩ። እንዴት እንደተጎሳቆለ! ብረቱን ይወልውለው እንጂ እንጨቱ አልቆለታል። ማነገቻው ገመድ ነው። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ በቡሬ በሬ ቆዳ ከነጸጉሩ ጠቅልሎታል፤ ጸጉሩ ተመላልጦ የቁስለኛ እግር አስመስሎታል። ለዚህ ነው ሰማንያ ሺህ የሚለኝ ወስላታ!

ተስፋ አልቆርጥም። አንተም አትቁረጥ።
አክስትህ ታይቱ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ታይቱ፣

በጸሎትዎ እስካሁን አለሁ። ከከተማው ወዲያ ማዶ ድሮን መጥቶ ነበር፤ እኛ ጋ አልደረሰም።

ሰማንያውን እሺ ይበሉት። ራዲዮኔን፣ ብርድ ልብሴን፣ የነበረኝን ዕቃ ሁሉ ሸጬ የጎደለውን ሃያ ሺህ ለሙኽታር ሰጥቻለሁ። ልጄ ከስደት የላከው ገንዘብ ነው ይበሉት፣ ይለምኑት፣ እግሩ ላይ ይውደቁ። እውነቱን ግን እንዳይነግሩት አደራ። ደም አለበት ከተባለ ሽማግሌው ደንግጦ ወንዝ ይጥለዋል፣ ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀልን።

ስለ ጠመንጃው መልክ የጻፉልኝን አንብቤዋለሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

መጋቢት ሦስት ወር ቀረው።
ባየልኝ


ኮኪት፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባየልኝ፣

እልል በል! ጠመንጃው እቤቴ ነው። እልል በል ብዬህ ግን እኔ ራሴ እልል ማለት አቅቶኛል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ከጥምቀት ማግስት ፈረደን ማሽላ አውድማ ላይ አገኘሁት። ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ነበር። ሰማንያ ሺህህን ይዤልሃለሁ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። "ታይቱ፣ ትናንት ታቦቱን አጅቤ ስመለስ ወሰንኩ" አለኝ። "ስሞት ይህ ጠመንጃ ለቤተክርስቲያን ነው። አሥራ አራት ጥምቀት ታቦት አጅቤበታለሁ። ሰው ላይ ተተኩሶበት አያውቅም፣ ንጹሕ ነው። ካህናቱም ያውቁታል።"

ባየልኝ፣ አደራህን በላሁ። ይህንን ሰምቼ ዝም ልል አልቻልኩም። ታቦት እኮ ነው! አውድማው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ካሌብን፣ አንተን፣ ጆንያውን፣ ሁለቱን ጊደሮች።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሣሩ ላይ አጋደመው። ከዚያ አፈር ዘግኖ እጁን አሸ፣ ደጋግሞ አሸ። "አሥራ አራት ጥምቀት" ይላል። "አሥራ አራት ጥምቀት፣ ታይቱ? አንድ ቃል እንዴት አትነግሪኝም?" ብሩን ከመቀነቴ ፈትቼ ብሰጠው "ደግሞ የደም ገንዘብ ልታበይኝ ነው?" አለና ተነሣ። ጥይቶቹንም ከኪሱ አራግፎ ጣለልኝ። ከአውድማው ዳር የማሽላ መውቂያ ዱላ አንሥቶ ሄደ። ዛሬ እርሻ የሚጠብቀው በዚያ ዱላ ነው፤ ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

እንግዲህ ጠመንጃውም ገንዘቡም እጄ ላይ ቀረ። ባየሁት ባየሁት ቁጥር ጠመንጃው ያሳፍረኛል። በስንት ሽማግሌ ፊት፣ በቤተክርስቲያን ቅጥር የሚቀርብ ነገር እንዲህ ተቦጫጭቆ ቢቀርብ ንቀት አይሆንብንም? ለእርቅ የሚሄድ ሰው ልብሱን አጥቦ ነው የሚሄደው። ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ የተመሰገነ አናጢ አለ። ከዋንዛ አዲስ ሰደፍ እንዲያወጣለት፣ ማነገቻውንም በአዲስ ጠፍር እንዲቀይረው ነገ ይዤለት እሄዳለሁ። እማሆይ አንጓች ከክብሯ እንዳላጎደልንባት ትወቅ።

በርታልኝ፣ ሻንጣህን አዘጋጅ።
አክስትህ ታይቱ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ታይቱ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ወደ አናጢው አይውሰዱት። ወስደውት ከሆነ ይህ ወረቀት በደረሰዎት ሰዓት ሄደው ይንጠቁት።

ቆዳው የአያ ፈረደ አይደለም። የካሌብ እጅ ነው።

ከሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ከትራክተር ላይ ስወርድ ወድቄ ሰደፉን ሰነጠቅሁት። ለካሌብ አባት ተዝካር ቡሬው በሬ ታርዶ ነበር። ካሌብ ከቆዳው ቀዶ፣ ነክሮ፣ እናቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ጠመጠመልኝ። ሰባት ዙር ነው። እርጥቡ ቆዳ እንዳይላላ ጫፉን ይዘው ወጥረው የዋሉለት እማሆይ ናቸው። በበሬ ጅማት ሰፋው። "ከእንግዲህ እንጨቱ ቢበሰብስ እንኳ ቆዳው አይለቅም" አለኝ።

እማሆይ ጠመንጃው ይምጣልኝ አሉ ብለው ሲጽፉልኝ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። ምንሽር ምን ያደርግላቸዋል? የፈለጉት የልጃቸውን ሥራ መዳሰስ ነው። በኅዳር ደብዳቤዎ ስለ ቆዳው ሲጽፉልኝም ያው እንደሆነ አወቅሁ። ለምን ያን ጊዜ አልነገርኩዎትም? አፈርኩ፣ እትዬ። ጠመንጃዬን የጠገነልኝን ሰው በዚያው በጠገነው ጠመንጃ ገደልኩት ብሎ ላሳደገችው ሴት የሚጽፍ ማን ነው?

እባክዎን ይፍጠኑ።
ባየልኝ


ኮኪት፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ድንበሩ ተዘግቶ ደብዳቤህ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ሦስት ሳምንት ተኛ። የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው። ሰደፉ ግን ያለቀው ጥር 30 ነው። አምሮልኛል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ሳሳይ ከርሜያለሁ። እጄ በተሰበረ!

በማግስቱ ገንዳ ውሃ ሄድኩ። አናጢውን "አሮጌው እንጨት የታል?" ብለው "ሙጫ አፈላሁበት" አለኝ። "ቆዳውስ?" "እሱማ ድንጋይ ሆኖ አልቆረጥ ብሎኝ ስታገለው ዋልኩ፣ በመጥረቢያ ነው የላጥኩት፤ ውጭ ወረወርኩት፣ ውሻ ወስዶት ይሆናል" አለኝ። እንዴት ያለ ጥሩ ስፌት እንደነበር አዳንቆ ነገረኝ እኮ! ተንበርክኬ ፍቅፋቂውን በእጄ በተንኩት። ጓሮውን ዞርኩ። አንዲት የቡሬ ጸጉር አላገኘሁም።

እንዳንተው እኔም አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ያኔ ጠመንጃውን ወደ ጆንያ ስከት ዐይኔን ባልጨፍን ኖሮ ቆዳው የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። በእማሆይ ደጅ ሳልፍ ካሌብ ሲሰፋ አይቼዋለሁ። ምን እንደሚሰፋ ግን አልጠየቅሁትም።

አሁን የማስበው እውነቱን ልነግራት ነው። ብቻዬን ሄጄ፣ ደጇ ላይ ወድቄ። ትረግመኝ ይሆናል፣ ግን እናት ናትና ስህተት መሆኑ ሊገባት ይችላል። አንተ ምን ትላለህ? ያላንተ ፈቃድ አላደርገውም።

ታይቱ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ታይቱ፣

አይንገሯቸው። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፣ አይንገሯቸው። ይህ ቀን ካለፈ ሌላ አይመጣም። ዐይናቸው ደክሟል ብለውኛል፤ የሚያዩት በጣታቸው ነው።

ከሉካንዳ የቡሬ ቆዳ ይፈልጉ፣ ጸጉሩ ያልተፋቀ። ሁለት ቀን ይንከሩት። ሦስት ጣት ስፋት ቀደው ከሰደፉ አንገት ይጀምሩና ወደ ቃታው ሰባት ዙር ይጠምጥሙት። ስፌቱ ከሥር ነው የሚሄደው፣ በጅማት፣ ወስፌው እጥፍ እየገባ። ሲደርቅ ጸጉሩን በእሳት ለብለብ አድርገው በአመድና በዘይት ይሹት፣ ያረጃል። አጠገቡ ተቀምጬ ስለዋልኩ አንዷንም አልረሳኋትም። ዐይኔን ስጨፍን እያንዳንዷ ስፌት ትታየኛለች።

ጋላባት መጥቼ እጠብቃለሁ። ከሰመረ በሙኽታር ይላኩብኝ፣ ድልድዩን እሻገራለሁ።

ባየልኝ


ኮኪት፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ባየልኝ፣

ሙኽታር ባዶ እጁን ሲመጣብህ ገብቶህ ይሆናል። እንዴት እንደሆነ ግን ከኔ ስማ።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ሰባት ዙር ጠመጠምኩ፣ ጣቴን ወስፌ እየወጋኝ ሰፋሁ። በሠራሁት ሥራ ዐይኔ ራሱ ተታለለ። የመድኃኔዓለም ዕለት ድንጋይ ተሸክሜ፣ አፈሙዙን ወደ ራሴ አዙሬ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ቀረብኩ። አባ ቸሩና ስድስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ውባንተ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። ፈረደም መጥቶ ነበር፤ ዱላውን ተመርኩዞ ከሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። መጨረሻውን ሊያይ መጥቶ ነው።

"ጭኔ ላይ አድርጉልኝ" አለች እማሆይ። አደረግንላት። ብረቱን አልነካችውም፤ እጇ በቀጥታ ሄዶ ቆዳው ላይ አረፈ። ፊቷ ሲበራ አየሁ። በጣቷ ቆጠረች። "ሰባት" አለች። ያን ጊዜ አንተን ድልድዩ ላይ አየሁህ እኮ!

ከዚያ ጣቷ ወደ ሥር ወረደና ስፌቱን ያዘ። ተከተለው፣ ቆመ። ተመልሳ ከሌላኛው ጫፍ ጀመረች። እንደገና ቆመች።

"ማን ነው ይህንን የሰፋው?"

እኔን ነው የጠየቀችው። "ካሌብ ነው" አልኳት። በታቦቱ ደጅ ቆሜ እንዲህ አልኩ።

"ካሌቤ ግራኝ ነበር" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ጫፉን ይዤለት ሲጠመጥም ወዲህ ወደኔ ነበር የሚዞረው። ክንዴ ላይ እየተጠመጠመብኝ ስንስቅ ነው የዋልነው። ይህ የቀኝ እጅ ስፌት ነው፣ ታይቱ።"

ተደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ አናጢውን፣ መጥረቢያውን፣ ውሻውን። እያለቀሰች ሰማችኝ። ስጨርስ "ትናንት እንዲህ ብለሽ ብትመጪ ምን አደርግሽ ነበር?" አለችኝ። "አብረን አናለቅስም ነበር?" ይህንን እስክሞት አልረሳውም።

አባ ቸሩ "እማሆይ፣ ስለ መድኃኔዓለም" ብለው ጀመሩ። እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። "የልጄን እጅ አስመስላችሁ አትለምኑኝ" አለች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ውባንተ አልማለም። ገልምጦኝ ነው የሄደው፣ ስለዚህ አትምጣ። ይህንን በራሴ እጅ መጻፌ ይገርመኛል፤ አትምጣ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰው ሲበተን ፈረደ ቀስ ብሎ ወደሷ ሄደ። "እውነተኛው እኔ ጋ ነበር፣ እማሆይ። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ላይ ነበር እጄን የማሳርፈው" አላት። አስቀመጠችው። መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ጠመንጃውን የወሰደው ሰው የለም፤ የቤተክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀርቷል።

ታይቱ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ታይቱ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። ጋላባት ስምንት ቀን ጠብቄ ተመልሻለሁ። ወደ መጋዘኑም ገብቻለሁ።

ራስዎን አይርገሙ። እርስዎ እውነቱን ልንገራት ብለውኝ ነበር። ይዋሹ ያልኩዎት እኔ ነኝ።

ግራኝ ነበር እኮ። እንዴት ረሳሁት? ማጭዱን በግራ ስለሚይዝ ከሰው ጋር እንዳይጋጭ ሁልጊዜ ከረድፉ ጫፍ ነበር የሚቆመው። አጫጆቹ ሁሉ ይቀልዱበት ነበር፣ እኔም እቀልድበት ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዐይኔ ጠፍቶ አያውቅም እያልኩ ለሰውም ለእግዜርም ስምል ኖሬያለሁ። እያንዳንዷ ስፌት ትታየኛለች ብዬ ጻፍኩልዎ። ለካስ የማየው የራሴን እጅ ነው።

አሁን ግን መጣልኝ። ያን ዕለት ጀሪካኑን የያዘው በግራ እጁ ነበር። መጀመሪያ አንተ ጠጣ ብሎ ዘርግቶልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በግራ ሲሰጠኝ የናቀኝ መስሎኝ ነው የተቆጣሁት። ለሽማግሌዎቹም ለማንም "በውሃ ተጣላን" ያልኩት ውሸት ነው። ይህንን ለእማሆይ ይንገሩልኝ። ምሕረት ለመለመን አይደለም፤ ልጃቸው ውሃ እየሰጠኝ እንደሞተ ይወቁት።

ከገንዘቡ የተረፈውን ለአያ ፈረደ ጠመንጃ ይግዙበት። አልቀበልም ካለ በአባ ቸሩ እጅ ይስጡት። ለእኔ ከእንግዲህ ምንም አያስፈልገኝም።

መጂዳ "መቼ ነው አገርህ የምትገባው?" ትለኛለች። ዝናቡ ይለፍ እላታለሁ። ሻዬን በገንዘቤ ነው የምጠጣው።

ባየልኝ